የቀብር ፎርማጆ በፕላሲድ ጀርባ

ኤቮሌን፣ ጁን 5 ቀን 1958

ለምወድሽና ለምትቆጪኝ የልጅ ልጄ ለሌዎኒ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ላማችን ማርኪዝስ እንዴት ናት፣ የጡቷ እብጠት ጎደለላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከአፍንጫዬ በቀር ደህና ነኝ።

ጠረጴዛው ላይ የተውኩልሽ ወረቀት «ከፕላሲድ ጋር ወጣ ብዬ እመጣለሁ» ብቻ ስለሚል ሳትናደጂ አልቀረሽም። ወጣ ያልነው ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፤ ተራራውን ተሻግረን ኢጣሊያ፣ አዎስታ ድረስ። ፊት ለፊት ብነግርሽ ጫማዬን እንደምትደብቂ አውቃለሁ። በሰባ አራት ዓመት ከገዛ ቤት በጓሮ በር ሾልኮ መውጣት እንዴት ደስ እንደሚል ስታረጂ ታውቂዋለሽ።

ነገሩ የፕላሲድ ወንድም ነው። ያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ጥሎን የሄደው ባርቴልሚ ሳንባው አልቋል። ልጁ ዴልፊና «ይህን በጋ አይዘልቀውም» ብላ ጻፈች። ለምን እንደሄደ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሰሚ ነው ያደግሽው፦ እናታቸው ስትቀበር በረዶ ይዞት አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ሲደርስ የእናቱ የቀብር ፎርማጆ በለቀስተኛ ተበልቶ አልቋል። ፕላሲድም ያኔ ወይን ቀማምሶ ነበርና «የቀረው ይኸው ነው» ብሎ ቅርፊቱን አስጨበጠው። ለገዛ እናቱ ቀብር ቅርፊት! ባርቴልሚ ቅርፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ።

አሁን ፕላሲድ ምን እንደተሸከመ ገምቺ። ሲያገባ እናቱ ሠርታ ያስቀመጠችለትን፣ እሱ ሲሞት ለለቀስተኛ ሊቆረስ የሚገባውን የራሱን የቀብር ፎርማጆ! «ሚስቴ ሞታለች፣ ልጅ የለኝ፣ ማን ቆሞ ይቆርስልኛል?» አለኝ። «ቆሜ ሳለሁ ከወንድሜ ጋር እበላዋለሁ። መሀሉን እሱ፣ ቅርፊቱን እኔ።» ጉልበቱ የሁለታችንን የጋራ ምድር ቤት መሰላል አይችልምና ወርጄ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ባወጣሁበት እጄ እስከ ዛሬ ዳቦ ለመያዝ እጸየፋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን በፖስታ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፕላሲድ ፊቱ እንደ አረንጓዴ ሳሙና ሆነና «ቴዎዱል፣ ባርኔጣህን አውልቅ» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ያለፍን መስሎኝ አወለቅኩ። ሞላው! ያ ባርኔጣ ከአያትሽ ጋር የተጋባሁበት ነው። ሾፌሩ ሁለታችንንም አወረደን። ከዚያ ወዲህ በእግራችን ነን፤ ወደዚህ ስንሻገር በመጀመሪያው የተራራ ማለፊያ ላይ በረዶው እስከ ጉልበት ነበር፤ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ነፋሱ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት። ሽታው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ? እርጥብ ፍየል ውስጥ የተረሳ የጳጳስ ካልሲ። ከጨርቁ ስር ቅንቅኑ ሲራመድ ይሰማኛል እላለሁ፣ ፕላሲድ «ጆሮህ እንኳ ደንቁሯል» ይለኛል።

ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ወደ ማርቲኒ ፖስታ ቤት ላኪልኝ። በተረፈ እግዚአብሔር ያክርምሽ።

አያትሽ ቴዎዱል

ጁን 8 ቀን 1958

ለተከበሩ አባባ ቴዎዱል፤

እንደምን ሰነበቱ? የማርኪዝ ጡት ድኗል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎዎታል። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ በየገደሉ ስጣራ ነበር። ወረቀቱን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ድመቷ ተኝታበት ነበር። የሁለታችሁ ዕድሜ ቢደመር መቶ ሃምሳ ይሆናል፤ ማስተዋላችሁ ቢደመር ግን የአንድ ጥጃ አይሞላም። ጋሽ ፕላሲድን ከእኔ ሰላም ይበሉልኝ፤ እሳቸው እንኳ ምክንያት አላቸው። እርስዎ ምን አለዎት? ለመሳቅ ነው የሄዱት፤ አውቅዎታለሁ።

ላሞቹ ወደ በጋ ግጦሽ የሚወጡት በአሥራ ስምንት ነው። የጋሽ ፕላሲድን ሚኞንንም እኔው እነዳታለሁ። ማርኪዝ ለመንጋው ንግሥትነት ቀንድ ስትገጥም ሳያዩ ቀርተው እንዳያለቅሱብኝ።

ካልሲዎቹን ልኬያለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ፎርማጆውን ያነሱት ከየትኛው መደርደሪያ ነው? ከቀኙ ነው ከግራው? እንዲያው ነው የምጠይቅዎ። ግን ቶሎ ይጻፉልኝ።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ይጥረግላችሁ።

ሌዎኒ

ማርቲኒ፣ ጁን 13 ቀን 1958

ለኮስታራዋ የልጅ ልጄ ለሌዎኒ፤

እንደምን ከረምሽ? ካልሲዎቹ ደርሰውኛል፤ አንዱን ጥንድ ፕላሲድ ወሰደው። የሰጠሁት አዝኜለት እንዳይመስልሽ፤ የእሱን አሮጌ ካልሲ ከመኝታ ክፍላችን ለማስወጣት ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ከዚህና ከዚህ በታች ከምዘረዝረው በቀር ደህና ነኝ።

እዚህ ያረፍንበት ቤት አንድ አልጋ ለሁለት ሰጡን። ገለባው ውስጥ ከእኛ በፊት የተከራዩ ቁንጫዎች አሉ። ፕላሲድ ፎርማጆውን ከእግራችን ስር አስተኛው፤ «ብርድ ይመታዋል» ብሎ ያለችንን አንዲት ብርድ ልብስ አለበሰው። እኔ ራቁቴን አደርኩ። ሾርባው ላይ ፀጉር ነበር። ባለቤቷን ጠርቼ «እመቤቴ፣ ይህ ፀጉር የማን ነው?» ብላት፣ ጎንበስ ብላ አየችና «የእኔ አይደለም፣ የእኔ ቀይ ነው» ብላኝ ሄደች። ፕላሲድ ፀጉሩን አውጥቶ ሾርባውን ጠጣልኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ነው የምሄደው!

ጎብኚዎቹን አታንሺብኝ። ጉልበታቸው እንደ ተላጠ ድንች የነጣ፣ አጭር ሱሪ የለበሱ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመውን ፎቶ አነሡን። አንዲቱ ሴት ፎርማጆው ሲሸታት «አገር ቤት የድሮ ነገር ገና አለ!» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእኔም ዓይን ሲያነባ ሳምንት አልፎታል፤ እኔን ግን ፎቶ ያነሣኝ የለም።

ጥያቄሽ ምን ያደርግልሻል? ከግራው ነው እንጂ! ግራው የፕላሲድ፣ ቀኙ የእኛ መሆኑን ምድር ቤቱን የቆፈሩት ሰዎች ሳይቀሩ ያውቃሉ። የተቀረጸበትን የባለቤት ምልክት በብርሃን አላየሁትም፤ ሻጋታው ጣት ያህል ነው። ማየትስ ምን ያስፈልጋል? አፍንጫ ላለው ሰው ይበቃል። የፕላሲድ እናት እጇን ሳትታጠብ እንደምትጨምቅ ድሮም ይወራ ነበር። ይህን የሰጠች ላም በሕይወቷ ሣር አልቀመሰችም፤ የሠራው እጅም ለሰው የሚያስብ እጅ አልነበረም። ለፕላሲድ ይህንኑ ነገርኩት፤ «እናቴን ተው» ብሎኝ ግማሽ ቀን አኮረፈኝ። እኔም ግማሽ ቀን በሰላም ተነፈስኩ።

የአያትሽን የኤፍራዚን ፎርማጆ እስቲ ወርደሽ አሽቺው። አርባ ሰባት ዓመት ሆነው፤ በሠርጋችን ዓመት ከላማችን ከባሮን ወተት፣ ያኔ ምድጃችን ገና ጭስ ሳይጠጣ የሠራችው ነው። የእሷ አይሸትም፤ ይጣራል። ቀኔ ሲደርስ እሱ ይቆረስብኛል፤ ለቀስተኛው እኔን ትቶ እሷን ሲያመሰግን ይውላል። ከእጇ የቀረኝ እሱ ብቻ ነውና በጨው ጨርቅ ማበሱን እንዳትረሺ።

ነገ ወደ ትልቁ ማለፊያ እንወጣለን። ሰላም ሁኚ።

አያትሽ ቴዎዱል

ከማለፊያው፣ ጁን 18 ቀን 1958

ለሌዎኒ፤

ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው? ቶሎ ይጻፉልኝ ያለችው እሷ፣ የጠፋችው እሷ! ከአንቺ ዝምታና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት ሊመሻሽ ሲል በረዶው ላይ ፕላሲድ ተንሸራተተና በቂጡ ተቀመጠ፤ ቦርሳው ተፈታ፤ ፎርማጆው እንደ ጋሪ ጎማ ቁልቁል ተንከባለለ። እኔ መጀመሪያ «እሰይ!» አልኩ፤ አልዋሽሽም። ከዚያ ዞር ስል ያ ትልቅ ሰው በረዶው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። «ባዶ እጄን አልሄድም ቴዎዱል፣ ባዶ እጄን ከምሄድ እዚሁ እቀራለሁ።» ምን ላድርግ? ወረድኩ። አንድ ጅረት አፋፍ ላይ ድንጋይ ይዞት ቆሟል። ቦርሳው ከላይ ነው፤ እጄ ደንዝዟል፤ ስለዚህ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ አገጬን ተደግፎ፣ ሽቅብ አወጣሁት። ሻጋታው ጢሜ ውስጥ ገባ። አንቺ ብታዪኝ ኖሮ ያገቧታል ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ነበር።

ማለፊያው አናት ላይ ባለው ገዳም መነኮሳቱ ሙቅ ወተት ሰጡን። ውሻቸው ጥጃ የሚያህል ነው፤ ወደ እኔ መጣና ጢሜን ከዳር እስከ ዳር ላሰው፤ ከዚያ ውጭ ወጥቶ አስታወከ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምስክር አልጠራም።

የጉምሩኩ ሰው ደግሞ ቦርሳውን በዱላ ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» አለ።

«ፎርማጆ» አለ ፕላሲድ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ለወንድሜ ነው ጌታዬ።»

«ወንድምህ ምን በደለህ? ይህ ወደ ኢጣሊያ አይገባም። ይወረሳል።»

ፕላሲድ ቦርሳውን በሁለት እጁ አቀፈ። እኔ ጠጋ ብዬ «ይውረሱት እንጂ ጌታዬ» አልኩት። «ግን የተወረሰ ዕቃ በቢሮዎ ነው የሚቀመጠው አይደል? ማኅተም እስኪመታበት፣ ወረቀቱ ሮም ሄዶ እስኪመለስ?» ሰውየው ክፍሉን አየ። አንዲት ትንሽ መስኮት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ወንበር። ቦርሳውን አየ። «ሂዱ!» አለ። «ሩጡ!»

ነገ ባርቴልሚ ዘንድ እንደርሳለን። መልስሽን በዴልፊና አድራሻ ላኪ። ማርኪዝ ምን አደረገች? ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህቺን ጻፊልኝ።

ቴዎዱል

ጁን 20 ቀን 1958

ለምወድዎት አባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና አይደለሁም።

መጀመሪያ የጠየቁኝን። ማርኪዝ ከትናንት ወዲያ ሚኞንን ቀንድ ለቀንድ ገጥማ እስከ አጥሩ ድረስ ገፋቻት፤ ሚኞን ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ዘንድሮ የመንጋው ንግሥት የእኛ ናት። ሰው ሁሉ «ቴዎዱል የለም እንጂ ዛሬ ማን ይችለው ነበር» እያለ ነው የዋለው።

አሁን ይቀመጡ። በሚያዝያ አጋማሽ የምድር ቤቱ የግራ ግድግዳ ውሃ አፈሰሰ። የጋሽ ፕላሲድ ፎርማጆ እንዳይረጥብ ብዬ ወደ ቀኙ አዛወርኩት፤ የእኛን ደግሞ ቦታ ስለጠበበ ለጊዜው ወደ ግራው፣ ደረቁ ጥግ ላይ አደረግኩት። ልነግርዎት ነበር፤ ያን ሳምንት ማርኪዝ ታመመችና መንገሩንም ማበሱንም ረሳሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲመጣ ነገሩ ትዝ አለኝ፤ ለዚያ ነው የጠየቅኩዎ። «ከግራው» የሚለውን ሳነብ ወደ ታች ለመውረድ ሦስት ቀን ፈራሁ። ዛሬ ወርጄ የቀረውን በጨው ጨርቅ እስኪጠራ ድረስ አሸሁት። ሦስት ቀጥ ያሉ ጭረቶች። በላያቸው የሚያቋርጠው የእኛ መስቀለኛ ጭረት የለም።

አባባ፣ በጋሽ ፕላሲድ ጀርባ ላይ ያለው የእርስዎ ነው። የሴት አያቴ ነው።

እባክዎ እንዳይቆርሱት። እውነቱን ይንገሯቸው፤ የጋሽ ፕላሲድን በሚመጣው ሳምንት በባቡር አደርሳለሁ፣ እኔው ራሴ። የቀብር ፎርማጆ የሌለው ሰው ሲቀበር ሰው ምን እንደሚል እርስዎ ያውቃሉ። ደግሞም እሷን አላውቃትም። ከመወለዴ በፊት ሞታለች፤ ፎቶዋ እንኳ ፊቷ ጠፍቷል። በየሳምንቱ ያን ፎርማጆ ሳብስ የማገኛት ይመስለኝ ነበር።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቆጡኝ፤ ግን ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሌዎኒ

ከአዎስታ በላይ፣ ከባርቴልሚ ቤት፣ ጁን 26 ቀን 1958

ለውዷ የልጅ ልጄ ለሌዎኒ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አልቆጣሽም። ቁጣዬን በሙሉ መንገድ ላይ፣ በማይገባው ላይ ጨርሼዋለሁ።

እዚህ የደረስነው በአሥራ ዘጠኝ ነው። የባርቴልሚ ክፍል የካምፎር ቅባትና የታመቀ ሳል ይሸታል፤ ከአልጋው አጠገብ የሚተፋበት ጣሳ አለ፤ ከጣሳው አጠገብ እኔን አስቀመጡኝ። ሁለቱ ወንድማማቾች ብዙ ተያዩ።

«አረጀህ» አለ ባርቴልሚ።

«አንተም አላማረብህም» አለ ፕላሲድ።

«ምንድን ነው የሚሸተው? እግርህ ነው?»

«ፎርማጆዬ ነው። የራሴ። እማማ የሠራችው።»

ባርቴልሚ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እስኪመለስ ድረስ ስንጠብቅ ሾርባችን ቀዘቀዘ። በመጨረሻ «በዚህ ወር ሃያ አራት፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ይቆረስ» አለ፤ «እስከዚያ እቆያለሁ።»

ደብዳቤሽ የደረሰው በዚያው በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ጠዋት ነው። ፕላሲድ «ምን ትላለች?» ሲለኝ የመጀመሪያውን ግማሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሚኞን ጀርባዋን ሰጠች የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። «ውሸቷን ነው፤ እንደ አያቷ ነች» አለ። ሁለተኛውን ግማሽ ይዤ ወደ እበቱ ክምር ሄድኩ፤ እዚያ ማንም አይከተልም። ዝንቡ ፊቴን ሲወረኝ አላባረርኩትም።

ከዚያ ማንም ሳያየኝ ጓዳ ገባሁ። ጨርቁን ፈታሁ። እጅጌዬን በምራቄ አርጥቤ ሻጋታውን አሸሁት። ሦስት ጭረት፤ አሻሸሁ፤ አራተኛዋ፣ አቋራጯ፣ ቅንቅን ግማሿን የበላት፣ ብቅ አለች። ሌዎኒ፣ ይህን የሠራ እጅ ለሰው የሚያስብ እጅ አልነበረም ብዬ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ወደ ምድጃ ክተቺልኝ። እርጥብ ፍየል ያልኩትንም።

«ቴዎዱል! ቢላውን አምጣ እንጂ፣ ምን ትሠራለህ?» አለ ፕላሲድ ከወዲያ።

ምልክቱን ወደ ታች ገልብጬ አመጣሁ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ፕላሲድን ታውቂዋለሽ፤ የሰው ፎርማጆ ለወንድሙ አያቀርብም። ቦርሳውን ዘግቶ «በባቡር እስኪመጣ እንጠብቅ» ይላል። ባርቴልሚ ደግሞ ቀጠሮውን እስከዚህ ቀን ነበር የቆረጠው፤ ትንፋሹን ስትሰሚው ባቡር የሚጠብቅ ትንፋሽ አልነበረም። ያኔ ያ ሰው ከብርድ ልብሱ ውስጥ መዳፉን አውጥቶ ዘረጋ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ቅርፊቱ የተቀመጠባት መዳፍ ናት። ፕላሲድ ከመሀሉ ቆረሰና አኖረላት።

ምልክቱን እንደተገለበጠ ተውኩት።

ውስጡ ምን ይመስል ነበር መሰለሽ? ውጪው ሬሳ ነው፤ ውስጡ የመስከረም ማር። ባርቴልሚ አኘከ። ገታ አደረገ። እንደገና አኘከ። «እማማ ናት» አለ። «እጇን አወቅኩት። የእማማ እጅ ነው።» ፕላሲድም ቀመሰና «እሷ ናት» ብሎ ተንሰቀሰቀ። የእነሱ እናት፣ ሌዎኒ! ሾርባዋን ድመት የማይቀምሰው! በኤፍራዚ ሠርግ ቀን ፊቷን አጥቁራ የዋለችው!

ከዚያ ደግሞ ፕላሲድ አፉን ሞልቶ ወደ እኔ ዞረ። «በመንገድ ሙሉ ስትሳደብ የከረምከው ሰውዬ፣ ቅመስ እስቲ። እውነቱን ተናገር፤ ሚስትህ እንዲህ ትሠራ ነበር?»

ቀመስኩ። የባሮን ወተት ነው። ጭስ የለበትም። በአንድ ወገን ጨው በዝቶበታል፤ እሷ ሁልጊዜ በግራ እጇ ስትበትን ይበዛባት ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አኑሬው ያላወቅኩትን ጣዕም በባዕድ ቤት፣ በምራቅ ጣሳ አጠገብ አወቅኩት።

«አይ» አልኩ፤ «እንዲህ አትሠራም ነበር።»

በዚህ ጉዞ ፀጉር ያለበት ሾርባ ቀርቦልኛል፣ ቁንጫ በልቶኛል፣ ውሻ ልሶኛል፣ ባርኔጣዬ ተሞልቷል። ያቺን ቃል ያህል ግን ያስጠላኝ ነገር አልዋጥኩም። የዋጥኳት ፕላሲድ ሲስቅ ስላየሁ ነው።

ፕላሲድ በቃሉ መሠረት ቅርፊቱን ወሰደ። በቀሩት አራት ጥርሶቹ ሲታገለው ማየት የሚሰቀጥጥ ነበር። ባርቴልሚ አላስቻለውም፤ «አምጣው ወዲህ፣ ለብቻህ አትሙት» ብሎ ግማሹን ቀማው። አንድ ቁራሽ ተረፈ። «ለእኔ ስጡኝ» አልኩ።

«አንተ? ምን ሊያደርግልህ?»

«ለውሻዬ።»

«ውሻ የለህም እኮ!»

«እገዛለሁ» አልኩና ወደ መሃረቤ ከተትኩት።

አሁን የማዝሽን ስሚ። ምድር ቤት ያለውን የፕላሲድን ፎርማጆ በየሳምንቱ በጨው አብሺው፤ በሦስቱ ጭረት ላይ አንዲት አቋራጭ ጭረት በቢላ ጨምሪበት፤ ለማንም አትንገሪ። እኔ ብቀድም በእኔ ላይ ይቆረሳል። እሱ ከቀደመ በእሱ ላይ ቁረሺው፤ ያኔ ለእኔ ቅርፊቱ ይበቃኛል። የእናቱን እጅ ሥራ ሰው በሬሳዬ ላይ ሲያኝክ ማሰቡ ራሱ ይዘገንነኛል፤ ደግነቱ እኔ አልቀምሰውም።

ባርቴልሚ ከትናንት ወዲህ እንቁላል መብላት ጀምሯል። ፕላሲድ ከጎኑ ይቆያል፤ እኔ ሰኞ እነሳለሁ።

መሃረቡን ይዤልሽ እመጣለሁ። እሱ ለውሻ አይደለም። ሽታው ያስጠላሻል፤ ቅንቅንም አይጠፋበትም። አፍንጫሽን ያዢና በግራው በኩል፣ ጨው የበዛበት ጋ ንከሺው። ኤፍራዚ ናት።

አያትሽ ቴዎዱል